ውኃው ዳር የተቆለፈው በር

ሰው መናቅ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያንም ፓስተራችን ይህንኑ ደጋግመው ያስተምራሉ፤ እኔም ከሁሉ ቀድሜ አሜን እላለሁ። አሜን ብዬ ከወንበሬ ስነሣ ግን ንቀቴም አብሮኝ ይነሣል። በተለይ ሪባን ተወጥሮ፣ ከሪባኑ ኋላ ደግሞ ሱፍ የለበሰ ሰው ጥርሱን ገልጦ ሲጠብቅ ካየሁ፣ ይብስብኛል። ስጸልይበት ቆይቻለሁ። አልለቀቀኝም። አሁንማ ይልቀቀኝ ማለቱንም ትቻለሁ። እንዲህ ያደረገችኝ አንዲት ቅዳሜ ናት፤ እሷን ላውጋችሁ።

ከዚያ በፊት ብታውቁኝ ኖሮ «ይቺ ማርታ ናት?» ትሉ ነበር። አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ፍሮንት ዴስክ ነበር የምሠራው። ስልክ አነሣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ሰው ሲጮህብኝ «ሶሪ» እላለሁ፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን። ወረፋ ላይ ሰው ቢቀድመኝ ዝም ነው። የተሳሳተ ምግብ ቢያመጡልኝ በልቼ አመስግኜ እወጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የሰላም ሰው» ይሉኝ ነበር። ሰላም መስሏቸው ነው እንጂ ፍርሃት ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ ሰው ፊት እንዳይወድቅብኝ የምፈራው ፍርሃት።

አባቴ የኔ ተቃራኒ ነው። ጋሼ ደምሴ ይሉታል። በወጣትነቱ ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ምልምሎችን ዋና ያስተምር ነበር። በራሱ አነጋገር፣ «ከባልዲ የበለጠ ውኃ አይቶ የማያውቅ ጎረምሳ ተቀብዬ፣ ባሕር ላይ እንደ አልጋ የሚተኛ ሰው አድርጌ እመልስ ነበር።» መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩም ሥራውም ሄደ፤ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ኖረ። እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ ኮሎምበስ አመጣሁትና ፎረስት ፓርክ ካለችው ቤታችን ከእኔና ከባለቤቴ ጋር መኖር ጀመረ።

ኮቪድ የገባ ዓመት ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ዊልቸር ላይ ተቀመጠ። ምላሱ ግን አልተነካችም። የእሑዱን አምልኮ በዙም ስንከታተል፣ ፓስተሩ ሚዩት ላይ መሆናቸውን ሳያውቁ ሲያስተምሩ አይቶ፣ «ዛሬ ጥሩ ሰበኩ» አለኝ። ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኩሽና ሮጠ።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሴት አንድ ቀን፣ «ውኃ ውስጥ ቢገባ ሰውነቱ ይቀልለዋል፤ ብዙ ይረዳዋል» አለችን። የአካባቢያችን የመዋኛ ገንዳዎች በኮቪድ ምክንያት ተዘግተዋል። አባቴ ግን ያቺን ቃል ያዛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም፤ ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ።

ኦሃዮ ባሕር የለውም። ከከተማው ወደ ሰሜን ስንነዳ የምናገኘው፣ አሸዋ አምጥተው ዳሩን ያለበሱት ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ በነፃ ማስታወቂያ ልሠራለት አልፈልግም። ይህ ሐይቅ ዳሩ ለእድሳት ታጥሮ ነበር የከረመው። በፈረንጆቹ 2021 ሰመር ሊከፈት ሲል አቶ ጥበቡ የሚባል ሰው ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ማይክ ተቀበለ።

አቶ ጥበቡ ቤት ደላላ ነው፤ እዚህ ሪልተር እንለዋለን። ሉዊስ ሴንተር በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰፊ ቤት አለው። የኢትዮጵያውያን ተወካይ ነኝ ይላል፤ ማን እንደወከለው እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በሐይቁ እድሳት አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ወገኖቼ» አለ፣ «ይህ ፕሮጀክት የኛም ነው! አዲስ ሬስትሩም፣ አዲስ ልብስ መቀየሪያ ተሠርቷል። ዊልቸር እስከ ውኃው ድረስ ይገባል! እኔ ራሴ ነኝ ፑሽ ያደረግኩት። ቅዳሜ ኑና የናንተ መሆኑን አሳዩ!»

ቤቱ አጨበጨበ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይኼ ሰው ዋና ይችላል?» አለኝ።

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«አይችልም። ዋና የሚችል ሰው እንዲህ አይጮህም። ቢሆንም ውሰጂኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሸሚዙን አስተኮሰኝ። ጥቁር ክራቫት አሳሠረኝ። «አባዬ፣ ሐይቅ እኮ ነው የምንሄደው» ስለው፣ «የሚመረቅ ነገር ላይ ነው የምንሄደው አላልሽም?» አለ። ለጥንቃቄ ዳይፐር ላድርግለት ስል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «እሱን ከሞትኩ በኋላ አልብሱኝ። አዲስ ሽንት ቤት ተሠርቷል ተብሎ የለ?» ባለቤቴ የሚሠራበት መጋዘን ሺፍት ነበረው፤ ሁለታችን ብቻ ሄድን።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ሳር ላይ ፓርክ አስደረጉን፤ ወዲያው ከኋላችን ሌሎች መኪኖች ገጥመው ዘጉብን። ዊልቸሩን እየገፋሁ ሳሩን አቋርጠን ወደ መግቢያው ወጣን። መጀመሪያ ያየነው ከእኔ ቁመት የሚበልጡ ፊደላት የተቀረጹበት ድንጋይ ነው። ቀጥሎ ሰው ገብቶ ፎቶ የሚነሣበት ባዶ የእንጨት ፍሬም። ቀጥሎ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ፣ የሚወዛወዙ ወንበሮች። ቀጥሎ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ትልቅ አዳራሽ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ለሰርግ የሚከራይ አዳራሽ ይመስለኛል።»

«ውኃውስ?»

«ከአዳራሹ ጀርባ ነው።»

«ቢች ሠርተው ውኃውን ከሰርግ አዳራሽ ጀርባ ደበቁት?» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች።»

ከአዳራሹ ጎን አዲሱ የሬስትሩም ቤት ቆሟል፤ የሚያምር፣ በድንጋይ የተለበጠ። ከሱ አጠገብ ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ የሲሚንቶ መንገድ ይጀምራል። በመንገዱ አፍ ላይ፣ አበባ ባሸከሟቸው ሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ከሪባኑ አሻግሬ አየሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ በጥሩ ሁኔታ ይወርድና፣ አሸዋው ጋ ሲደርስ ያልቃል። በቃ፤ ያልቃል። ከዚያ እስከ ውኃው ያለው ልቅ አሸዋ ነው። ዊልቸር እንኳን፣ እኔ ራሴ በጫማዬ የምሰምጥበት አሸዋ።

የፓርኩን ቲሸርት የለበሰች ሠራተኛ ጠየቅኩ። «ዊልቸር እስከ ውኃው ይገባል ተብለን ነበር።»

«አዎ፣ ይገባል» አለች። ወደ ሬስትሩሙ ግድግዳ አመለከተችኝ። ጠንካራ ሰማያዊ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል። «አሸዋው ላይ የሚነጠፈው እሱ ነው። ዛሬ ግን ቀለሙ ፎቶው ላይ አያምርም ተብሎ ተነሣ።»

ይህን ለአባቴ ስነግረው አልተናደደም። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ ሰው ነገሩን እንደጠረጠረው ሆኖ ሲያገኘው እንደሚደሰት ዓይነት።

አቶ ጥበቡ ከሩቅ አየን። «ማርታዬ! ተባረኪ! ጋሼ ደምሴ፣ እንኳን መጡልን! እንዴት ነዎት?»

«እንደምታየኝ።»

«ግርማ ሞገስ ነዎት! ማርታ፣ ፊት ለፊት እናስቀምጣቸው። ሚስ ጆይስ፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ዊልቸር ያለው ሰው ፊት ቢኖር ደስ ይላታል። ለኮሚዩኒቲያችንም ስም ነው።» መልሴን ሳይጠብቅ ዊልቸሩን ራሱ ገፍቶ ከመጀመሪያው ረድፍ መሃል አቆመው። አባቴን እንደ አበባ ማስቀመጫ አስተካከለው፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ፊት።

ንግግር ተጀመረ። አንዱ ወርዶ ሌላው ይወጣል። የሚወጣው የወረደውን ያመሰግናል፤ የወረደው ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል። አንደኛው «ዛሬ የምናስመርቀው ሕንፃ ሳይሆን ርኅራኄን ነው» አለ። ፀሐዩ ከረረ። ጥላ ያለው መድረኩ ላይ ብቻ ነው።

«ማርታ» አለ አባቴ በቀስታ፣ «ሽንቴ መጥቷል።»

ዊልቸሩን ወደ ሬስትሩሙ ገፋሁ። በሩ ተቆልፏል። በግንባታው ጊዜ የነበሩት የፕላስቲክ ሽንት ቤቶች የት ሄዱ ብዬ ያቺን ሠራተኛ ብጠይቃት፣ ትናንት ተጭነው ተወስደዋል አለች፤ እነሱም ፎቶ ላይ አያምሩም። ቁልፉን ሚስ ጆይስ ነው የያዘችው። ሚስ ጆይስ ከመድረኩ ጎን ትልቅ መቀስ ታቅፋ ቆማለች።

ሄጄ በሹክሹክታ፣ «ይቅርታ፣ አባቴ ሽንት ቤት ይፈልጋል፤ በሩን ይክፈቱልን» አልኳት።

ክንዴን በፍቅር ነካ አደረገችኝ። «ኦ፣ ስዊቲ! ሪባኑ ይቆረጥና ወዲያው እንከፍታለን። ሚዲያው ውስጡን የሚያነሣው ማንም ሳይገባበት ነው። ስለተረዳሽን አመሰግናለሁ።»

«ኖ ፕሮብሌም» አልኩ። አፌ ለምዶ ነው።

አቶ ጥበቡን ፈልጌ ያዝኩት። «አቶ ጥበቡ፣ አባዬ መቆየት አይችልም። የስትሮክ ሰው ነው። ኮሚቴ ነህ፤ አስከፍትልን።»

ሰዓቱን አየ፣ መድረኩን አየ። «ማርታዬ፣ ቀጥሎ የምናገረው እኔ ነኝ እኮ። ትንሽ ታገሡ። አሁን ግርግር ብንፈጥር ሐበሻ ሥርዓት አያውቅም ይሉናል። ለኮሚዩኒቲው ስትይ።»

መኪናዬ ተዘግቷል። በዙሪያችን ያለው ሜዳ ነው። አባቴን ይዤ ወደ ቦታችን ተመለስኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። አቶ ጥበቡ ወጣ። ከኢትዮጵያ በምን ዓይነት ድካም እንደመጣ ተናገረ። አረጋውያንን ማክበር ባህላችን ነው አለ። በእጁ ወደ አባቴ አመለከተ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየውና አጨበጨበ። አባቴ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ጭብጨባው ሳያልቅ «በቃ» አለኝ።

«ምን አልክ አባዬ?»

«በቃ፣ ማርታ።»

አየሁ። ግራጫ ሱሪው ላይ ጥቁረቱ እየሰፋ ነበር። ቀኝ እጁን በላዩ ላይ ዘረጋ፤ አንድ መዳፍ አይሸፍነውም። በዚያው ቅጽበት ካሜራ ያንጠለጠለች ሴት ከመድረኩ በኩል ፈገግ እያለች ወደኛ መምጣት ጀመረች። ስካርፌን አውልቄ ጭኑ ላይ ልጥል ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይው። ወደ ውኃው ውሰጂኝ።»

«አባዬ...»

«ውኃ የገባ ሰው ሱሪው ለምን ረጠበ ተብሎ አይጠየቅም። ፍጠኚ።»

«ሪባን ተወጥሯል እኮ።»

«እና? ሪባን ነው መርከብ የሚያቆመው?»

አሁን የምነግራችሁን ሳደርግ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሰውነቴ ነው ያደረገው። ዊልቸሩን አዙሬ በመድረኩና በሕዝቡ መካከል መግፋት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ካሜራዋን አነሣች። አቶ ጥበቡ ማይኩ እጁ ላይ እንዳለ በአማርኛ «ማርታ! ማርታ፣ ወዴት ነው?» ሲል ድምፁ በስፒከር ሐይቁን ሁሉ ሞላው። አልመለስኩለትም። ሪባኑ ጋ ስንደርስ አባቴ በቀኝ እጁ ጨብጦ ሳበው። በጥንቃቄ የታሠረ ኖሯል፤ አልበጠስ ብሎ አንደኛው ምሰሶ ከነአበባው ተገንድሶ ወደቀ። ሚስ ጆይስ መቀሱን እንደታቀፈች አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ አልፌ ሄድኩ። ሶሪ አላልኩም።

መንገዱን ወረድን። አሸዋው ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ ወዲያው ሰመጡ። ገፋሁ፤ ይባስ ጠለቁ። ዞሬ ሳይ ሕዝቡ ሁሉ ከላይ ቆሞ ያየናል። አንድ ሰው አይወርድም። ለካ ርኅራኄ ያስመረቁት ከላይ ሆነው ለማየት ነው።

ከዳር በኩል ግን አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ዓሣ ማጥመጃውን አሸዋ ላይ ተክሎ እየተንደረደረ መጣ። ስሙ ዴል መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት። ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ የሚወዛወዝ ወንበር ተክለውበት ዳር ላይ የቀረ፣ የተቆጣ ሰው ነበር። «ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለ።

«ውኃው ውስጥ» አለው አባቴ በእንግሊዝኛ።

ዴል ክራቫቱን አየ፣ ሱሪውን አየ፤ ምንም አልጠየቀም። «እሺ» አለ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ያላወጣውን የምፅዋ ድምፁን ያን ጊዜ አወጣው። «አዙሩኝ! ወደ ኋላ ነው የምትጎትቱኝ! እንደ ጀልባ! አንቺ በግራ፣ እሱ በቀኝ! አንድ ላይ!» ዴል አማርኛ አያውቅም፤ ትእዛዙ ግን ገባው። ወደ ኋላ አዘንብለን ጎተትነው። ጫማዬ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን። አባቴ በቀኝ እጁ የወንበሩን ክንድ ለቀቀና፣ ከነሸሚዙ፣ ከነክራቫቱ፣ ከነጫማው ተንሸራቶ ወረደ።

ጮህኩ። ራሱን ደግፌ ያዝኩት። እሱ ግን አይሰጥምም ነበር። ጀርባው ላይ ተጋደመ። ያ ግራ እጁ፣ ዓመቱን ሙሉ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ የከረመው፣ ከውኃው ጋር ቀስ እያለ ተዘረጋ። ክራቫቱ ደረቱ ላይ ይዋኛል። ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ጨው የለውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቢሆንም ይሸከማል።»

እንባዬን በሐይቁ ውኃ ታጠብኩት። ዴል ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

በዚህ መሃል ከላይ ድምፅ ሰማን። ጭብጨባ! ሕዝቡ ተነሥቶ እያጨበጨበልን ነው። የፕሮግራሙ አካል መስሏቸዋል። ሚስ ጆይስ ማይኩን ተቀብላ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይህን ሁሉ የሠራነው ለዚህች ቅጽበት ነው!» አለች። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ? ምሰሶውን አቁመው፣ ሪባኑን መልሰው አሥረው፣ ቆረጡት። ሬስትሩሙም ተከፈተ። ቀድመው የገቡት ተናጋሪዎቹ ናቸው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለወዳጅ የሚወራ ጨዋታ ሆኖ በቀረ። ግን ብዙም ሳይቆይ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት «ጋሼ ደምሴ ታዋቂ ሆኑ!» ብላ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። የፓርኩ ማስታወቂያ ነው። አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ውኃው ላይ ተንጋሏል፤ ከላዩ በትልቁ «ውኃው ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ተጽፏል። በዚያው ሳምንት ሐይቁ ጋ ይዤው ሄጄ ነበር። ሬስትሩሙ ተቆልፏል፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ለሰርግ ተከራዮች ብቻ ነው የሚከፈተው ተባልኩ። ሰማያዊው ምንጣፍ ተጠቅልሎ እዚያው ግድግዳው ላይ ቆሟል። አባቴን ከመኪና ሳላወርደው ነው የተመለስነው።

ፓርኩ ቢሮ ደወልኩ። ያነሣው ሰው በጣም ትሑት ነበር፤ እንደ እኔ ያለ ፍሮንት ዴስክ። ሐሳብ ያለው ሰው በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ሊናገር ይችላል አለኝ።

ችግሩ ይኼ ነው፤ ልናገር ብል የምናገረው ስለ አባቴ ሱሪ ነው። ያ ፎቶ ውሸት መሆኑን ሌላ በምን አስረዳለሁ? እሱ ደግሞ ለቤተሰቡ እንኳን ያልነገረው፣ ከእኔ ጋርም አንስተነው የማናውቀው ነገር ነው። ከሥራ መጥቼ እራቱን እያበላሁት ጀመርኩ። «አባዬ፣ ያን ነገር ካልተናገርኩት አይገባቸውም። ካልፈቀድክ ግን አልሄድም።»

ማንኪያውን ከእጄ ወስዶ ራሱ አስቀመጠው። «የት እንደሚነገር ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ምን እንደሚነገር?»

«ሁሉንም። ሰው ፊት ነው።»

«እኔ ተቆልፎብኝ ነው የረጠብኩት» አለ። «የቆለፈው ሰው ሳያፍር እኔ የማፍረው ለምንድን ነው? ንገሪያቸው። እኔም እመጣለሁ፤ ሸሚዜን ተኩሺልኝ።»

ስብሰባው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ኋላ ሚስ ጆይስ፣ ሌሎች የማላውቃቸው፣ ከጫፍ ደግሞ አቶ ጥበቡ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ማይኩን ይዤ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ጠፋኝ። የፈራሁት እንግሊዝኛ ሰው ሁሉ ፊት ተሰበረ። ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ጣሪያው አልወረደም። እንደገና ጀመርኩ።

«ማስታወቂያችሁ ላይ ያለው ሰው አባቴ ነው፤ ይኸው እዚህ ተቀምጧል። ውኃ ውስጥ የገባው ለናንተ ደስ እንዲላችሁ አይደለም። ሽንት ቤቱን ቆልፋችሁበት፣ ሰው ፊት ሱሪው ላይ ሸንቶ፣ ያንን ለመደበቅ ነው የገባው። እናንተ አጨበጨባችሁ።»

አቶ ጥበቡ ወዲያው ማይኩን አበራ። «ሚስ ማርታ ለማለት የፈለገችው፣ ፕሮጀክቱን በጣም ታደንቃለች፤ አንዳንድ ማሻሻያዎች ግን...»

«ማለት የፈለግኩት ያልኩትን ነው» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዴል ነበር፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሚስ ጆይስ ቀይ ሆና፣ «እኛ አላወቅንም» አለች። አባቴ ከዊልቸሩ ላይ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ «ነግራሽ ነበር። ስዊቲ አልሻት» አላት። ሌላ የተናገረው የለም። አላስፈለገም።

በሚቀጥለው ሰመር፣ በ2022፣ በሩ በየቀኑ ይከፈት ጀመር። ሰማያዊው ምንጣፍ ከሲሚንቶው ጫፍ እስከ ውኃው ተነጠፈ። ለምንጣፉም ሪባን አሥረው አስመረቁት፤ ስቄ አላባራሁም። አቶ ጥበቡ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ምንጣፉን ፑሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ አለ። ሕዝባችንም አጨበጨበ። የኛ ሕዝብ ማጨብጨብ ሲጀምር ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት «ለአንድ ሽንት ቤት ይህን ያህል?» ትሉ ይሆናል። አዎ፤ ለአንድ ሽንት ቤት። ለሰው የተሠራ ነገር ለሰው መሆኑ የሚታወቀው በዚያች በር ነው እንጂ በድንጋዩ ፊደል አይደለም። ሐኪም ቤት ዛሬም ፍሮንት ዴስክ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ሲሆን ሶሪ እላለሁ፣ የኔ ካልሆነ አልልም። «የሰላም ሰው» የሚለውን ስም ቤተ ክርስቲያን መልሳ ወስዳዋለች፤ አንዳንድ እህቶች «ማርታ ተለወጠች» እያሉ ይጸልዩልኛል። ይጸልዩ። እናንተ ግን አባታችሁን ፊት ለፊት አስቀምጠው በሩን የሚቆልፉ ሰዎች ሲገጥሟችሁ፣ ለኮሚዩኒቲው ስትሉ አትታገሡ። ኮሚዩኒቲው አባታችሁ ነው።

አባቴ አሁን በሳምንት ሁለቴ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከሞርስ ሮድ አካባቢ የሚመጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችን መንሳፈፍ ማስተማር ጀምሯል። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ጀርባቸውን ደግፎ፣ እንደ ምልምል ይጮህባቸዋል።

ባለፈው ማን መጣ መሰላችሁ? አቶ ጥበቡ፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቱን ይዞ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ በዊልቸር ነው የሚሄዱት። ምንጣፉን ይዘው እስከ ውኃው ወረዱ። እኔ ሰላም አላልኩትም፤ ለአባቴም እንዳይቀበላቸው በዓይኔ ነገርኩት።

«እናትየዋ ምን አደረገችኝ?» አለኝና ወደ እሳቸው ዞረ። «እትዬ፣ ይምጡ። ጀርባዎን እዚህ እጄ ላይ ይጣሉት። ሰማይ ሰማዩን ይዩ።»

እትዬ አስካለ እያማተቡና እየተንቀጠቀጡ ተጋደሙ። ውኃው ሲሸከማቸው ጩኸታቸው ሳቅ ሆነ። አቶ ጥበቡ ምንጣፉ ላይ በሱፉ ቆሞ ስልኩን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«እማዬ፣ በቃ እንሂድ፤ ሚቲንግ አለኝ።»

እሳቸው አንገታቸውን እንኳን ቀና አላደረጉም።

«አንተ ሂድ ልጄ» አሉት ከውኃው ላይ። «እኔ ገና መግባቴ ነው።»